ዝም ያለችውም ተጨንቃለች

ስለ ቻይና ታዳጊዎች ከጠየቃችሁኝ ውስጥ ዛሬ የተወሰኑትን ይዤ መጥቻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የቻይና ተማሪዎች ጭንቀት የተጋነነ ወሬ አይደለም?

አይደለም። ጋኦካኦ ለሚባለው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በ2024 የተመዘገቡት 13.42 ሚሊዮን ናቸው። ጭንቀቱ ግን ከዚያ በፊት ይጀምራል። ከ9ኛ ክፍል በኋላ ዦንግካኦ የሚባል ፈተና አለ። መደበኛ ሁለተኛ ደረጃ የሚገባውና ሙያ ትምህርት ቤት የሚሄደው እዚያ ላይ ይለያል። ብዙ ወላጅ ሙያ ትምህርት ቤት መግባትን እንደ ውድቀት ነው የሚያየው።

ጥያቄ፦ ድብድብና ስርቆት ላይ የሚገኙት በብዛት ወንዶች ናቸው። ሴቶቹ አይጨነቁም ማለት ነው?

ኧረ ይጨነቃሉ! ልዩነቱ ጭንቀቱ በየት በኩል ይወጣል የሚለው ላይ ነው። ብሮይዲና አግኒው የተባሉ የወንጀል ጥናት ምሁራን በ1997 ያነሱት ሐሳብ ለዚህ ይረዳል። ሁለቱም ይናደዳሉ። የሴቷ ንዴት ግን ከፍርሃት፣ ከሐዘንና ራስን ከመውቀስ ጋር ነው የሚመጣው። ስለዚህ ወደ ራሷ ይዞራል። የወንዱ ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል። ቁጥጥሩም አለ። ሴት ልጅ “የት ነሽ? ከማን ጋር?” ትባላለች፤ ወንድሟ እንደልቡ ይወጣል። የታዳጊ ጥፋት ደግሞ በአብዛኛው ከጓደኛ ጋር ነው የሚሠራው።

እኔን ይበልጥ የምታሳስበኝ መምህሩ “ጸባየኛ ናት” ብሎ የሚያልፋት ልጅ ናት። አትረብሽም፤ ስለዚህ ማንም ምን ሆንሽ አይላትም።

ጥያቄ፦ ራስን መግዛት አብሮ የሚወለድ ነው?

ጥፋትን ራስን ካለመግዛት ጋር የሚያያይዙት የወንጀል ጥናት ምሁራን ጎትፍሬድሰንና ሂርሺ በ1990 ትልቁን ድርሻ ለአስተዳደግ ሰጥተዋል። ወላጅ ልጁን ይከታተላል፣ ጥፋቱን ያያል፣ ያርማል። በቻይና ገጠር ይህ ከባድ ነው። የመላው ቻይና ሴቶች ፌዴሬሽን በ2013 እንዳስታወቀው፣ እናት ወይም አባታቸው ለሥራ ርቀው የሄዱባቸው የገጠር ልጆች 61 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። ብዙዎቹን የሚያሳድጓቸው አያቶች ናቸው። አያት ታበላለች፣ ትሳሳለች። የ14 ዓመት ጎረምሳን ማታ ከደጅ መመለስ ግን አቅም ይጠይቃል። “ወንድ አይደል፣ ተዉት” በሚባልበት ቤት ደግሞ ጭራሽ የሚያርመው የለም።

ጥያቄ፦ ሕጉስ ምን ይላል?

ከማርች 2021 ጀምሮ በግድያና እጅግ ከባድ በሆነ ጉዳት የ12 ዓመት ልጅም ሊከሰስ ይችላል። ለዚያ ግን የጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ጓንዡ ነው። ልጄ በቻይና ትምህርት ቤት 8ኛ ክፍል ናት። በጣም ዝምተኛ ሆነችብኝ።

እህቴ፣ ውጤቷን ከመጠየቅሽ በፊት እንቅልፏን ጠይቂ። ምግብ ከቀነሰች፣ ከጓደኞቿ ከራቀች፣ “እኔ እኮ አልረባም” ማለት ካበዛች ሐኪም ጋ ውሰጃት። ራሷን የመጉዳት ምልክት ካየሽማ ዛሬውኑ።