ልብስ የሚከመርባት ወንበር ምን አጠፋች?

በዚህ ወር የደረሱኝ ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ስለ ዕቃ ናቸው። ዕቃ በዛብኝ፣ ዕቃ አላስወጣ አለኝ፣ ዕቃ ከባሌ ጋር አጣላኝ። አስቀድሜ ልናዘዝ፦ እኔ ንጹሕ ሰው ተብዬ አላውቅም። እናቴ ክፍሌን «ሌባ የገባበት ቤት» ነበር የምትለው። ሰባት ጊዜ ቤት ቀይሬአለሁ። የማውቃትን ትንሽ ነገር ያወቅኩት ካርቶን ስሸከም ነው።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ቤቴን ሳስተካክል እውላለሁ። ማክሰኞ ላይ እንደነበረ ነው። በተለይ መኝታ ቤት ያለችው ወንበር! ልብሱን አነሣለሁ፣ ተመልሶ ይከመርባታል። ሰነፍ ነኝ መሰለኝ። ምን ይሻለኛል?
*ማክሰኞ የጠላች*

መልስ፦ እህቴ፣ ሰነፍ ሰው ቅዳሜን ሙሉ ዕቃ ሲያነሣ አይውልም። እስቲ ወንበሯ ላይ ያለውን ልብስ አንድ በአንድ እይው። የታጠበ ነው? የቆሸሸ ነው? አብዛኛው ሁለቱንም እንዳልሆነ እወራረዳለሁ። አንዴ የተለበሰ፣ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ የሚደገም ልብስ ነው። ከታጠበው ጋር ቁምሳጥን ውስጥ እንዳትሰቅይው ይቀፍሻል። እንዳታጥቢው ደግሞ ገና ነው። ቤትሽ ውስጥ ለዚህ ልብስ ቦታ አልተሰጠውም። ያዘነችለት ወንበሯ ብቻ ናት።

እኔም ከወንበሬ ጋር ስንት ዓመት ተጣልቻለሁ። አንድ ቀን ተናድጄ ወደ ሳሎን አወጣኋት። ልብሱ አልጋው እግር ሥር፣ ወለሉ ላይ ተከመረ። ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ማታ ደክሞን ስንገባ እጃችን ልብስ የሚጥልበት ቦታ አለው። እኛ «ቁምሳጥን» ብለን ስለወሰንን እጃችን አይሰማንም። ስለዚህ በሩ ጀርባ አራት ማንጠልጠያ መታሁ። አራት ብቻ። አምስተኛ ልብስ ሲመጣ ከአራቱ አንዱ ወደሚታጠበው ይሄዳል። ወንበሯን መለስኳት፤ አሁን ካልሲ ሳደርግ እቀመጥባታለሁ።

የቀረውንም ቤት በዚሁ ዓይን እይው። ለሦስት ቀን ምንም አታንሺ፣ ዝም ብለሽ ተመልከቺ። ጫማ የት ይወልቃል? ቁልፍ የት ይወረወራል? ቻርጀር የት ይገኛል? በአራተኛው ቀን ለየክምሩ እዚያው አጠገቡ መያዣ አድርጊለት። መያዣው ክዳን አይኑረው። ክዳን ካለው ዕቃው የሚቀመጠው ክዳኑ ላይ ነው። ሞክሬ አይቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ እናቴ ካረፈች ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። ልብሷ፣ አልጋ ልብሷ፣ ደብዳቤዎቿ፣ ፎቶዎቿ በዘጠኝ ካርቶን እኔ መኝታ ቤት ተደርድረዋል። እህቶቼ «ምን ያደርግልሻል፣ ስጪው» ይሉኛል፤ መጥተው ግን አያግዙኝም። አንዱን ካርቶን ከፍቼ ሽታዋ ሲመጣብኝ መልሼ ዘጋሁት።
*የእናቷ ልጅ*

መልስ፦ ነፍሷን ይማር። እህቶችሽን ለጊዜው ተያቸው፤ ከሩቅ ሆኖ «ስጪው» ማለት ቀላል ነው።

አባቴ ሲሞት ጥቁር ጫማውን እኔ ወሰድኩት። አልጋዬ ሥር አስቀመጥኩት። ቤት በወለወልኩ ቁጥር አነሣዋለሁ፣ አቧራውን ጠርጌ እመልሰዋለሁ። አራት ዓመት እንዲህ ኖርን። አንድ ቀን ሳነሣው ሶሉ እጄ ላይ ተፈረፈረ። እንደ ደረቀ ጭቃ። ማንም አልረገጠበትም፣ ዝናብ አልነካውም። ኋላ አንድ ጫማ ሠሪ ነው ያስረዳኝ፦ ፖሊዩሪቴን የሚባለው የሶል ዓይነት ባይለበስም አየር ውስጥ ያለው እርጥበት ቀስ እያለ ይበላዋል። ጥቁሩን ፍርፋሪ እየጠረግኩ አለቀስኩ። ጠበቅኩለት ብዬ ነበር እኮ።

ይህን የምነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም። ካርቶን ውስጥ የገባ ነገር እንደገባ የሚቆይ ስለሚመስለን ነው። አይቆይም። ጨርቅ ይሻግታል፣ ፎቶ እርስ በርሱ ይጣበቃል። የሱፍ ልብስ ሳይታጠብ ከተቀመጠ ደግሞ ብል ይገባዋል፤ የብሉ እጭ ላብ የነካውን ሱፍ አብልጦ ይወዳል።

በደብዳቤና በፎቶ አትጀምሪ። ሽታዋ የመጣብሽን ካርቶንም ለመጨረሻ አቆዪው። ከፎጣው፣ ከአንሶላው፣ ከባዶው ሻንጣ ጀምሪ። በአንድ ቀን አንድ ካርቶን ይበቃል። እህቶችሽን ለዚህ አትጥሪ። እያንዳንዱ ዕቃ ወሬ ይወልድና ሲመሽ ዘጠኙም ካርቶን እንደተከፈተ ያድራል። እናትሽን በቅርብ የማታውቅ አንዲት ጓደኛ ጥሪ። የእሷ ሥራ ካርቶኑን መያዝና «ይሄስ?» ማለት ብቻ ነው።

ከልብሷ ብዙ ጊዜ ስትለብሰው የምታስታውሺውን አስቀሪ። ጥሩውን አላልኩም። ጥሩው ልብስ ሰው ቤት ሄዶ ይለበስ፤ የክት ልብስ እሷም አልጠገበችው ይሆናል። ነጠላ ወይም ሻርፕ ካላት ካርቶን ውስጥ አትመልሽው፣ አንቺ ልበሺው።

ፎቶዎቹ ጋ ስትደርሺ ግን እህቶችሽን አሁን ጥሪያቸው። ከዘመድ በዕድሜ ትልቋን ሴትም ጨምሪ። ፎቶ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ስም የምታውቀው እሷ ናት፣ እሷ ካለፈች የሚነግራችሁ የለም። ስሙን ከጀርባ ለስላሳ እርሳስ ይዘሽ፣ ሳትጫኚ ጻፊ። እስክሪብቶ አይሆንም፤ ቀለሙ ውሎ አድሮ ወደ ፊቱ ያልፋል፣ ወይም ከላዩ የተደረበውን ፎቶ ያበላሻል። ያን ቀን ብዙ ታለቅሳላችሁ። ብዙም ትስቃላችሁ።

ሲያልቅ አንድ ካርቶን ይተርፍሽ ይሆናል፣ ሁለትም ይሆናል። እሱን ማንም አይቁጠርብሽ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ምንም ነገር አይጥልም። ሁለት ፌስታል ሙሉ ኬብል፣ አምስት የሞተ ስልክ፣ የማይሠራ ሬዲዮ አለን። «ይሸጣል» ይላል፤ የሚጠራውን ዋጋ ግን ማንም አይከፍለውም። ሥራ ሲሄድ አውጥቼ ልጣለው?
*ኬብል ያሰራት*

መልስ፦ እንዳታደርጊው! በጣልሽው በሳምንቱ አንዷ ኬብል ትፈለጋለች። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ የጠፋ ነገር ሁሉ አንቺ የጣልሽው ይሆናል።

በዋጋው ግን ባልሽ ብቻውን አይደለም። ዳንኤል ካህንማን፣ ጃክ ኔችና ሪቻርድ ቴለር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት ሙከራ አለ። ለግማሾቹ ተማሪዎች ተራ ኩባያ በነጻ ሰጧቸው። ከዚያ ኩባያ ያላቸውን በስንት እንደሚሸጡት፣ የሌላቸውን በስንት እንደሚገዙት ጠየቁ። ባለ ኩባያዎቹ የጠሩት ዋጋ ገዢዎቹ እንከፍላለን ካሉት እጥፍ ገደማ ሆነ። ኩባያው እጃቸው ከገባ ገና ምን ያህል ጊዜ ቢሆነው ነው? የባልሽ ሬዲዮ ስንት ዓመት አብሮት ኖሯል! ስለዚህ «በስንት ትሸጠዋለህ?» ብለሽ አትጠይቂው። «ዛሬ ባይኖርህ በስንት ትገዛው ነበር?» በይው። ዝም ካለ ጥያቄው እየሠራ ነው።

ኬብሉን ራሱ ይለየው፣ ሁለቱ ፌስታል ወደ አንድ ሳጥን ይውረድ። የየትኛው ዕቃ እንደሆነ ማንም ሊናገርለት ያልቻለ ኬብል ይሰናበታል።

ስልኮቹን ግን ዛሬውኑ እዪአቸው። ጀርባው ያበጠ ወይም ስክሪኑ ከፍ ያለ ካለ፣ ያበጠው ሊቲየም ባትሪው ነው፣ ውስጡ ጋዝ ሞልቷል። ቻርጅ እንዳታደርጊው፣ እንዳትጫኚው፣ እንዳትወጊው፣ ቆሻሻ ውስጥም እንዳትጥይው፤ እሳት ያስነሣል። ከሚቀጣጠል ነገር አርቀሽ አስቀምጪና ባትሪ ለሚሰበስብ ወይም ለስልክ ጠጋኝ ስጪው። በዚህ ጉዳይ ባልሽ ቢያኮርፍም ግድ የለም።

ጥያቄ፦ ደረሰኝ ለስንት ጊዜ ነው የሚቀመጠው? መሳቢያዬ ሞልቷል።
*ወረቀት ሰብሳቢ*

መልስ፦ ፍሪጄ ተበላሸ። ዋስትናው አላለፈም፣ ደረሰኙንም አላጠፋሁም። ፖስታውን ከፍቼ ሳወጣው ነጭ ወረቀት ነው፣ አንድ ፊደል የለበትም። የካሽ ማሽን ደረሰኝ አብዛኛው በሙቀት የሚጻፍበት ወረቀት ነው፤ ሙቀትና ብርሃን ሲያገኘው ቀለሙ ይጠፋል። ዋስትና ያለውን ዕቃ ደረሰኝ በገዛሽበት ቀን ፎቶ አንሺው። የትናንት የገበያ ደረሰኝሽን ግን ምን ልታደርጊው ነው?

ጥያቄ፦ የምከራያት አንዲት ክፍል ናት። ጨለማ ናት፣ ቁምሳጥኑ ጥግ ላይም ትሸታለች። ቀለም መቀባትና ግድግዳ መብሳት ተከልክያለሁ። ጓደኞቼ «አትክልት አስገባ፣ አየሩን ያጠራልሃል» ይሉኛል።
*በአንድ ክፍል*

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሽታው ይቅደም። ቁምሳጥኑ የውጭ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል አይደል? የክፍሉ እርጥብ አየር ቀዝቃዛውን ግድግዳ ሲነካ ውኃ ይሆናል፣ ከጀርባው አየር ስለማይገባ ይሻግታል። ቁምሳጥኑን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቀው። ጠዋት መስኮቱንም በሩንም ለ10 ደቂቃ ክፈት፣ አየሩ ከዚያ ወዲህ ይተላለፍ። ልብስ ውስጥ አታድርቅ። ውኃው ከቧንቧ ወይም ከጣሪያ የሚመጣ ከሆነ ግን ያንተ ሥራ አይደለም፣ ለአከራይህ ንገራቸው።

ሻጋታውን ስታጥብ በረኪናን ከአቼቶ ጋር እንዳትቀላቅል። እኔ «ሁለቱ ሲደመሩ ይበረታል» ብዬ በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አድርጌው፣ እየሳልኩ ሮጬ ነው የወጣሁት። የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው። አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋርም እንደዚሁ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

ብርሃን ላይ እንምጣ። መስኮቱን እጠበው፣ በውስጥም በውጭም። ትስቅ ይሆናል፣ ግን ክፍሌ ጨለማ ነው ካሉኝ ሰዎች ስንቶቹ መስታወታቸውን አጥበው ያውቃሉ? መጋረጃው ሲከፈት ብርጭቆውን እንዳይሸፍን ወደ ጎን ሰብስበህ እሰረው። ረጅም መስታወት ካለህ መስኮቱን ወደሚያየው ግድግዳ አስጠጋው፤ እንዳይንሸራተት እግሩ ሥር የሚይዝ ነገር አድርግ።

ለማታ ደግሞ አምፖሉ የመጣበትን ካርቶን አንብብ። 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው) የሚል ከሆነ ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ነው፤ መርፌ ላይ ክር ለመክተት ጥሩ ነው፣ ለማረፍ አይመችም። 2700 ወይም 3000 የሚለው ሞቅ ያለ ቢጫ ይሰጥሃል። ጣሪያ ላይ ያለውን አጥፍተህ ሁለት ትንንሽ መብራት ዝቅ አድርገህ አስቀምጥ፣ አንዱን አልጋው አጠገብ፣ ሌላውን በተቃራኒው ጥግ። ግድግዳ አልበሳህም፣ ቀለም አልቀባህም፣ ክፍሏ ግን ሌላ ክፍል ትሆናለች።

አትክልቱን ስለሚያምር ግዛው። አየር ያጠራል የሚባለው የተስፋፋው የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ እ.ኤ.አ. በ1989 ካወጣው ጥናት ወዲህ ነው። ያ ጥናት ግን የተሠራው በትንንሽ ዝግ ሳጥኖች ውስጥ ነበር። ሰው በሚኖርበት ክፍል የተከፈተ መስኮት የሚሠራውን ሁለት ሦስት ማሰሮ አትክልት አይሠራውም።

ጥያቄ፦ ልጆቼ አራቱም የራሳቸውን ቤት ይዘው ወጥተዋል። ዕቃቸው ግን አልወጣም። ደብተር፣ ብስክሌት፣ የኮሌጅ መጽሐፍ፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ጊታር። «አባዬ፣ አንድ ቀን እንወስደዋለን» ይላሉ። አንድ ክፍል ሙሉ ተዘግቶብኛል።
*ደመወዝ የሌለው ዘበኛ*

መልስ፦ አባቴ፣ «አንድ ቀን» የሚባል ቀን ካሌንደር ላይ የለም፤ እርስዎ ይስጧቸው። እያንዳንዱን ዕቃ ፎቶ ያንሡና ለአራቱም በአንድ ላይ ይላኩ። «ውሰዱ» አይበሏቸው፣ ሰበብ ይደረድራሉ። «ይሄ የማን ነው?» ብቻ ይበሉ። ባለቤት ሲገኝ ስሙን ወረቀት ላይ ጽፈው ይለጥፉበትና እስከ ወሩ መጨረሻ እንዲያነሣ ይንገሩት። አንዳንዱ «እሱማ ይጣል» ይልዎታል፤ ስንት ዓመት ሲጠብቁት የኖሩትን! እንዳያዝኑ፣ ስቀው ይለፉት።

ጊታሩን ማንም የእኔ ነው ካላለ ግን ለመስጠት አይቸኩሉ። ክፍሉ ሲለቀቅ አንድ ወንበር ያስገቡና እስቲ ይሞክሩት።