114 የወርቅ ሳንቲም

ጥያቄ፦ ልጄ ዱባይ ኢራኖች ቤት ትሠራለች። የአሠሪዎቿ ልጅ በቅርቡ ስትዳር ሙሽራው 114 የወርቅ ሳንቲም ሊሰጣት ፈረመ አለችኝ። የኔም ልጅ ለጥር መጥታ ልትዳር ነው፤ ሽማግሌ ተልኮ እሺ ብለናል። እኛስ እንዲህ ብናስፈርመው ነውር ይሆን? (እናት፣ ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ እማማ፣ ነውሩን ይተዉትና ወርቁን እንየው። ልጅዎ የነገረችዎት «መህሪዬ» ይባላል። 114 የቁርኣን ምዕራፎች ቁጥር ነው፤ በሙሽሪት የልደት ዓመት ልክ፣ ከሺህ በላይ የሚፈርምም አለ። አንዱ ሳንቲም 8 ግራም ያልፋል። ታዲያ በሠርጉ ዕለት ቆጥሮ የሚሰጥ እምብዛም የለም። «ማን ሰጠ፣ ማን ተቀበለ» ይላሉ ራሳቸው ኢራኖቹ።

የሚፈርሙት ለፍቺው ቀን ነው። በሕጋቸው የመፍታት ሥልጣን በዋናነት የባል ነው፤ ሀብትም የየግል ስለሆነ ባል በስሙ የገዛው ቤት የእሱ ነው። ሴቲቱ እጅ ያለው ያ ወረቀት ነው። ልፍታሽ ሲላት «ወርቄን» ትላለች፤ ራሷ መውጣት ስትፈልግ ደግሞ ወርቁን ትታለት ትወጣለች። መክፈል አቅቶት የታሰረ ባል ብዙ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ሕግ ከ110 ሳንቲም በላይ ላለው ዕዳ፣ አቅም እንዳለው ካልተረጋገጠ አይታሰርም አለ። ዛሬ አንዳንድ ሙሽሮች ሳንቲሙን ወደ 14 አውርደው በምትኩ የመፍታት ውክልና፣ የመማርና የመሥራት መብት ያስፈርማሉ። እኔም ብሆን ይሄንኑ ነበር የምመርጠው።

የእኛው ሰማንያም ስሙ ቃሉን ያፈረሰ ከሚከፍለው 80 ብር የመጣ ነው ይባላል። ሞላሌ ያሉት ሴት አያቴ «ሰማንያዬን እቀደዋለሁ» እያሉ ባላቸውን ዕድሜ ልካቸውን አስፈራርተዋቸዋል። አልቀደዱትም።

ለልጅዎ ወርቁ አያስፈልጋትም። በክልላችን የ1995 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ በትዳር የተፈራ ሀብት የጋራ ነው፤ ፍቺም እሷ ራሷ መጠየቅ ትችላለች። የሚያሳስበኝ ይዛው የምትመጣው የዱባይ ገንዘብ ነው። የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ እንደ ጋራ ይቆጠራል። በጥብቅና ሥራዬ ደብረ ብርሃን ላይ የገጠመችኝ አንዲት ልጅ የስድስት ዓመት ደመወዟን አማቶቿ ግቢ ውስጥ ቤት ሠርታበት ነበር። ቆርቆሮው በማን ገንዘብ እንደተገዛ የሚያሳይ አንድ ወረቀት አልነበራትም።

ስለዚህ ሙሽራው የሌለውን ወርቅ ከሚያስፈርሙት፣ ልጅዎ ያላትን ብር ከሠርጉ በፊት በጋብቻ ውል በምስክሮች ፊት ያስጽፉላት። በስሟ እንዲቀመጥላት ሐዋላ በላከች ቁጥር የተቀበሉትን ደረሰኝም ከሳጥኑ ያውጡት፤ ቀኑ ያልጠፋው ሁሉ ይጠቅማል።