ከድስቱ በፊት ወፍጮው፦ አለርጂ ላለበት ልጅ የጾም ምግብ፣ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ዐቢይ ጾም ሊገባ ነው። ብዙዎቻችሁ ለየብቻ የጠየቃችሁኝን ዛሬ አንድ ላይ እንየው ብዬ ነው የመጣሁት። ለማታውቁኝ፣ ልጄ 9 ዓመቷ ነው። ወተት፣ እንቁላል፣ ለውዝ፣ ሰሊጥና ስንዴ አለርጂዋ ናቸው። ሥጋ ደግሞ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከአፏ አይገባም። ስለዚህ እኛ ቤት ዓመቱን ሙሉ የጾም ወጥ ነው። እኔ ምግብ አብሳይ ነኝ፤ የሠርግና የማኅበር ድግስ ስሠራ ነው የኖርኩት። ስለ ማጀት እኔን፣ ስለ መድኃኒት ሐኪማችሁን ጠይቁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። አለርጂ ስል ሆድ የሚነፋውን ማለቴ አይደለም። ከንፈር የሚያሳብጠውን፣ ትንፋሽ የሚያሳጥረውን ነው። እንዲህ ዓይነት ልጅ ያለበት ቤት "እስቲ ትንሽ ላቅምሰው" የሚባል ነገር የለም።

ከሳሪስ፦ እትዬ፣ ልጄ አለርጂ አለበት። በጾም ምን ላብላው?

መልስ፦ የምን አለርጂ? እህቴ፣ የትኛው ምግብ እንደሆነ ሳትነግሪኝ ምን ልበልሽ? ለይተሽ ጻፊልኝ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፦ ልጄ ስንዴና ሰሊጥ አይችልም። እንጀራ ከሐበሻ ሱቅ ነው የምገዛው፣ ጤፍ ነው ይሉኛል። ግን በበላ ቁጥር ሰውነቱ ሽፍ ይላል። ጤፍም አለርጂ ይሆናል እንዴ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ጤፍ ማንንም አይነካም ብዬ አልምልልሽም። ግን ጤፉን ከመክሰስሽ በፊት የመጣበትን መንገድ ጠይቂ።

መጀመሪያ ዱቄቱን። ውጭ አገር የሚሸጠው እንጀራ ብዙ ጊዜ ገብስ ወይም ስንዴ ይቀላቀልበታል። ሰልፍ ራይዚንግ የሚባለውን ዱቄት የሚጨምሩም አሉ፤ እሱ ስንዴ ነው። ባለሱቁ "ጤፍ ነው" ሲልሽ "ጤፍ አለበት" ማለቱ ሊሆን ይችላል። የጋገረችውን ሴት ፈልገሽ ጠይቂ።

ቀጥሎ እርሾውን። ይህን ማንም አያስበውም። ጋጋሪዋ ላንቺ ብላ ንጹሕ ጤፍ ብታቦካ እንኳ፣ እርሾው ከትናንቱ ድብልቅ ሊጥ ከተቀዳ ስንዴው አብሮ ገባ። እኔ ላይ ደርሷል። አንድ ሳምንት እርሾዬ ተበላሸና ከጎረቤት አንድ ብርጭቆ ለመንኩ። ጎረቤቴ ደግ ሴት ናት፣ ሳትሰስት ሰጠችኝ። ጋግሬ ልጄን አበላሁ። ሳይመሽ ዓይኗ ድፍን አለ። በኋላ ስጠይቃት ሊጧ ውስጥ የስንዴ ዱቄት ነበረበት። ከዚያ ወዲህ እርሾ አልበደርም። የጤፍ ዱቄት በውሃ በጥብጬ፣ ጥቂት ቀን አቆይቼ፣ ከራሴ ቡሃቃ አስነሳለሁ።

ከዚያ ማሰሻውን። ምጣዱ በምን ታሰሰ? በጎመን ዘር ከሆነ፣ ጎመን ዘር የሰናፍጭ ዘመድ ነው። አውሮፓ ውስጥ በምግብ ላይ የግድ መገለጽ ካለባቸው 14 አለርጂ አምጪዎች አንዱ ሰናፍጭ ነው። ምጣዱ ላይ ሰሊጥ ተቆልቶበት ከሆነ ደግሞ ያንቺ ልጅ ችግር እዚያው ነው።

ዳቦ የምትገዢም ከሆነ ጽሑፉን በየጊዜው አንብቢ። አሜሪካ ውስጥ ሰሊጥ በሕግ 9ኛው ዋና አለርጂ ሆኖ መጻፍ ግድ የሆነው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ነው። ከዚያ በኋላ አንዳንድ ዳቦ ቤቶች መሣሪያቸውን ለይተው ከማጽዳት ይልቅ ሰሊጥ ሆን ብለው ጨምረው መጻፍ ጀመሩ። አምና ልጅሽ የበላው ዳቦ ዘንድሮ ያው ላይሆን ይችላል። "ሊኖርበት ይችላል" የሚለው ማስጠንቀቂያ ደግሞ እዚያ በፈቃደኝነት ነው የሚጻፈው። አልተጻፈም ማለት የለበትም ማለት አይደለም።

ከባሕር ዳር፦ ለኔ ልጅ ለውዝ ነው የተከለከለው። ሽሮ ግን ለውዝ የለበትምና ያለ ሐሳብ እንሰጠዋለን። ልክ ነን?

መልስ፦ አይደላችሁም። እባካችሁ ሁላችሁም ይህን አንብቡ።

ልጄ 4 ዓመቷ እያለ ሽሮ አስፈጭቼ መጣሁ። ሽምብራውን ራሴ ለቅሜ፣ ራሴ አምሼ፣ በሶብላውንና ኮረሪማውን ራሴ አዘጋጅቼ ነው። የዚያን ቀን ማታ ሦስት ጉርሻ እንደበላች ከንፈሯ አበጠ፣ ማሳል ጀመረች። ሐኪም ቤት አደርን። በማግስቱ ወፍጮ ቤቱ ሄጄ ጠየቅሁ። ከእኔ በፊት የነበሩት ሴትዮ ለውዝ ነው ያስፈጩት። ባለወፍጮው ምንም አላጠፋም። እኔም አልጠየቅሁ፣ እሱም አያውቅ። ወፍጮው አፍ ላይ ቡናማ ቅባት ተጋግሮ በጣቴ ጠርጌ አየሁት።

ስለዚህ ድስቱ ውስጥ ምን እንደገባ ብቻ አትጠይቁ። ከድስቱ በፊት የት ነበር? በርበሬው፣ ሽሮው፣ ሚጥሚጣው የተፈጨው የት ነው? ከማን ቀጥሎ?

አንዳንዶች ጠዋት ቀድመው ይሄዳሉ፣ መጀመሪያ የወጣውን ዱቄት ለአዋቂ ያስቀራሉ። ለቀላል አለርጂ ይረዳ ይሆናል። ትንፋሽ ለሚያሳጥረው ግን አልመክርም። እኔ አሁን ክክ ገዝቼ፣ ትሪ ላይ አንድ በአንድ ለቅሜ፣ ለእሷ ብቻ በተገዛ ትንሽ የቤት መፍጫ እፈጫለሁ። ሁለቴ በወንፊት ሲነፋ ልስልስ ይላል።

አንቺ ደግሞ ከባሕር ዳር ስለሆንሽ ግብጦን ልጨምርልሽ። በናንተ አካባቢ ሽሮ ውስጥ የሚገባበት ጊዜ አለ። ግብጦ የለውዝ ዘመድ ነው፤ ለውዝ የማይስማማው ልጅ ግብጦም ሊነካው ይችላል። አብሽም የዚያው ቤተሰብ ነው። እነዚህን ሁለቱን ለሐኪሙ በስም ንገሪው።

ከአዳማ፦ እኔ ግን አንድ ነገር ልበል። እኛ ስናድግ አለርጂ የሚባል አልነበረም። ያገኘነውን እየበላን ነው ያደግነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ወንድሜ፣ የኔ ልጅ ሁለቴ በአምቡላንስ ተወስዷል። ምን ልበልህ?

ከአዳማ፦ አልካድኩም እህቴ። ብቻ ልጆቹን አጉል እያቀማጠልናቸው እንዳይሆን ነው።

ከደሴ፦ ኧረ ነበር። አክስቴን "እንቁላል ጠላቷ ነው" ይሏት ነበር። ከበላች ፊቷ ያብጥ ነበር። ስሙ ነው ያልነበረው።

መልስ፦ የደሴዋ እህት ልክ ናት። በዚህ ይብቃ፣ ወደ ማጀት እንመለስ።

ከነታንያ፦ እዚህ እስራኤል ሁሉም ለሕፃን ባምባ ይሰጣል። የኔ 6 ወሯ ነው፣ ታላቅ ወንድሟ ለውዝ አለርጂ አለበት። ፈራሁ።

መልስ፦ ባምባ ከለውዝ የሚሠራ መክሰስ ነው። 2015 ላይ የወጣ ትልቅ ጥናት፣ አለርጂ ያሰጋቸዋል ለተባሉ ሕፃናት ለውዝ ገና ዓመት ሳይሞላቸው ማስለመድ አለርጂውን በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ግን ያ ለመከላከል ነው። ቀድሞ አለርጂ ላለበት ወንድሟ አይሠራም። ለሕፃኗም ከሐኪሟ ጋር ተነጋገሪ እንጂ ከኔ ጋር አትወስኚ። ባምባው ወንድሟ እጅ እንዳይገባም ጠብቂ።

ከሪያድ፦ የደም ምርመራ አሠራንለት። 22 ምግብ ፖዘቲቭ ነው ብለው ዝርዝር ሰጡን። ሁሉንም አቆምን። ልጁ ከስቷል።

መልስ፦ የኔ እህት፣ ይሄ በጣም ያሳስበኛል። የምርመራ ፖዘቲቭ ብቻውን ልጁ ምግቡን ሲበላ ይታመማል ማለት አይደለም። ሰውነቱ ያንን ምግብ ያውቀዋል ማለት ብቻ ሊሆን ይችላል። ከዚህ በፊት ያለ ችግር ይበላው የነበረውን ሁሉ በወረቀት ብቻ ማቋረጥ ልጅ ይጎዳል። የአለርጂ ሐኪም ፈልጊና "የትኛው እውነተኛ ነው?" ብለሽ ጠይቂ። አንዳንዱን እዚያው፣ ሐኪሙ ፊት፣ ለድንገተኛ አለርጂ የሚወጋው መርፌ ተዘጋጅቶ ያስሞክሩታል። ቤት ግን አይሞከርም። እደግመዋለሁ፣ ቤት አይሞከርም።

ከአዲስ አበባ፦ የላም ወተት ካልተስማማው የፍየል ልስጠው? ላክቶስ የሌለውስ?

መልስ፦ ሁለቱም አይሆኑም። የፍየሉ ፕሮቲን ከላሙ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ላክቶስ የሌለው ደግሞ ስኳሩ እንጂ ፕሮቲኑ አልወጣለትም። ንጥር ቅቤም እንዲሁ፣ ቅሪት አይጠፋውም። የፍስኩን ማንኪያ ለጾሙ ድስት አትጠቀሙ።

ከዱባይ፦ የኔዋ ሽምብራም ምስርም አይስማማትም። ለውዝም። ሥጋ አንበላም። ታዲያ ፕሮቲን ከየት ላምጣላት?

መልስ፦ ከባዱ ይሄ ነው፤ እኔም ጋ እንቅልፍ የነሳኝ ጊዜ ነበር። አተርና ባቄላም ዘመዳሞች ናቸውና ሐኪሙ ሳይፈቅድ አትተኪያቸው። ጤፉን አትናቂው። 100 ግራም ደረቅ ጤፍ ወደ 13 ግራም ፕሮቲንና ወደ 180 ሚሊግራም ካልሲየም አለው። ኪኖዋ የሚባለውን እህል ካገኘሽም ጥሩ ነው።

እኔን ያዳነኝ ግን ሱፍ ነው። አንድ ብርጭቆ ሱፍ እለቅምና በንጹሕ ብረት ምጣድ ላይ አመስ አመስ አደርገዋለሁ። ማረር የለበትም፣ ካረረ ይመራል። ሽታው ሲነሳ አወርዳለሁ። ፈጭቼ በሦስት ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በእጄ አሸዋለሁ። ውሃው ወተት ይመስላል። በስስ ሻሽ አጥልዬ ጨምቄ ቅርፊቱን እጥላለሁ። ጨው፣ ትንሽ ዝንጅብል፣ ትንሽ ነጭ ሽንኩርት። እንጀራውን በስሱ ቆራርሼ እፈተፍትበታለሁ። ልጄ ሁለተኛ ሳህን የምትጠይቀው ይህን ብቻ ነው።

ግን ሱፍም ፍሬ ነው። ሰሊጥ ለማይስማማው ልጅ ሌሎች ፍሬዎችን ሐኪም ሳያይ አትስጡ። ሱፉ የተገዛበት ሱቅ ሰሊጥ በዚያው መስፈሪያ ይሰፍር እንደሆነም ጠይቁ። ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን ደግሞ በተፈጥሮው ከእንስሳት ተዋጽኦ ብቻ ነው የሚገኘው። ወተትም እንቁላልም ሥጋም የማይበላ ልጅ በመድኃኒት ወይም በተጨመረበት ምግብ ማግኘት አለበት። ጎመን አይተካውም።

ከጎንደር፦ ልጁ 8 ዓመቱ ነው። ይህ ሁሉ ችግር እያለበት መጾም አለበት ወይ?

ከአዳማ፦ ከ7 ዓመት በላይ ከሆነማ ይጹም።

ከደሴ፦ ለታመመ ሰው እንኳ ይፈቀዳል፣ ልጅን ማስጨነቅ ምንድነው?

ከአዳማ፦ የበሽታና የአለርጂ ጉዳይ አንድ አይደለም።

መልስ፦ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። እኔ ልመልሰው የምችለው አይደለም፤ እናንተም እዚህ አትጨርሱትም። ሰዓት መቆየትን በተመለከተ ግን፣ የከሳ ልጅ ምግብ አይዘገይበትም።

ከአትላንታ፦ ለልደት ኬክ እንቁላልን በምን ልተካ?

መልስ፦ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውሃ፣ ለአንድ እንቁላል። ተልባ የሚስማማው ከሆነ። ኬክ ብዙ አልጋግርም።

ከሳሪስ፦ እትዬ፣ ለውዝ ነው። ምን ላብላው?

መልስ፦ እህቴ፣ የባሕር ዳሯን መልስ አንብቢው። አሁኑኑ። ሽሮሽ የት እንደተፈጨ ታውቂያለሽ? ዘይትሽስ? በየሰፈሩ የሚጨመቀው ዘይት ለውዝም ሰሊጥም ኑግም በአንድ መጭመቂያ ሊያልፍ ይችላል። እነዚህን ሁለቱን ጠይቀሽ ተመለሺ።

ከአዋሳ፦ ድንገት ቢያብጥ የአለርጂ ሽሮፕ ቤት አለን። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ሽሮፑ ማሳከኩን ያስታግሳል እንጂ የተዘጋ ትንፋሽ አይከፍትም። ትንፋሽ ካጠረ፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ ካስመለሰውና ከዛለ መጀመሪያ የኢፒኔፍሪን መርፌ ነው፣ ጭኑ ላይ በውጭ በኩል። ከዚያ ወደ ሐኪም ቤት፣ ቢሻለውም። ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ይችላል። መርፌው የሌላችሁ ሐኪማችሁን ዛሬ ጠይቁ፣ አጠቃቀሙንም እጃችሁን ይዞ ያሳያችሁ።

ከአዋሳ፦ እሺ። ሌላው ደግሞ ጉርሻ ነው። አያቱ ቤት ስንሄድ ካላጎረሱት አይሆንላቸውም። እምቢ ስል ቅር ይላቸዋል።

መልስ፦ ይሄ ልቤን ይነካዋል። ጉርሻ ፍቅር ነው። ግን የአያት እጅ አሁን ቅቤ ነክቷል፣ አሁን ዳቦ ቆርሷል። እኔ እናቴን ለብቻዋ አስቀመጥኳትና ሐኪም ቤት ያደርንበትን ሌሊት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ጣቷን አየች፣ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ሰው ሊያጎርሳት ሲዘረጋ ቀድማ የምትከለክለው እናቴ ናት።

ልጁን ለብቻው ሳህን ይዞ ጥግ ላይ አታስቀምጪው። የኔ ልጅ እንደዚያ ስናደርጋት መብላት አቁማ ነበር። አሁን የዘመድ ቤት ስንሄድ ሙሉ መሶቡን እኔ ይዤ እሄዳለሁ። እንጀራውም ወጡም የኔ፤ ሁሉም ሰው እጁን ታጥቦ ከዚያ ይበላል። አያቷንም እሷ ናት የምታጎርሳት።

ከሳሪስ፦ እትዬ፣ ወፍጮ ቤቱ ቅርብ ስለሆነ ሄጄ ጠየቅሁ። ለውዝም ይፈጫሉ አሉኝ። ትናንት ማታ ሽሮ በልቶ ሲያሳክከው ነበር ያደረው።

መልስ፦ ጎበዝ። ቤት ያለውን ሽሮና በርበሬ ለልጁ አትስጪው። ትናንት ማታ ያየሽውን ሁሉ ጽፈሽ ያዢና ሐኪም ዘንድ ይዘሽው ሂጂ። ክክ ግዢ። ነገ ጻፊልኝ፣ አስተማመሱንና አፈጫጨቱን ደረጃ በደረጃ አሳይሻለሁ።