ማንን እንምረጥ? ስለ እጩዎች ከአንባቢያን ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ሰሞኑን ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ ከተሞች ወደዚህ አምድ የደረሱት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ምርጫ የሚጠይቁ ናቸው። እገሌን ምረጡ ማለት የዚህ አምድ ሥራ ባይሆንም፣ ማንኛውም መራጭ የእጩውን ማንነት ከመመርመሩ አስቀድሞ እጩው የሚወዳደርበት ወንበር ምን ሥልጣን እንዳለው ማወቅ ይኖርበታል ብዬ አምናለሁ። የሚከተሉትንም መልሶች የሰጠሁት ይህንኑ መነሻ አድርጌ ነው።

ጥያቄ፦ በፔዳ ግቢ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለመምረጥ ዕድሜዬ የደረሰው ገና አሁን ነው። ፕሬዚዳንት ስንመርጥ ማስቀደም ያለብን የእጩውን ትምህርት ነው ወይስ የሥራ ልምዱን?

መልስ፦ እኅቴ፣ በአገራችን ፕሬዚዳንቱን ሕዝቡ በቀጥታ አይመርጥም። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 70 መሠረት እጩውን የሚያቀርበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ እጩው ፕሬዚዳንት የሚሆነውም ይህ ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤት በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲቀበሉት ነው። ሳህለ ወርቅ ዘውዴ ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ታየ አጽቀ ሥላሴም መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. የተሰየሙት በዚሁ መንገድ ነው። የሥራ ዘመኑ ስድስት ዓመት ሲሆን፣ አንድ ሰው ከሁለት ጊዜ በላይ ሊመረጥ አይችልም። የሥልጣኑን ልክ ለመረዳት አንድ ድንጋጌ ብቻ መመልከት ይበቃል፦ ምክር ቤቱ ያጸደቀው ሕግ ለፕሬዚዳንቱ ፊርማ ይቀርባል፤ ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀናት ውስጥ ባይፈርም ግን ሕጉ ያለ ፊርማው ሥራ ላይ ይውላል።

የአስፈጻሚው ሥልጣን ያለው በጠቅላይ ሚኒስትሩ እጅ ነው፤ እርሱም የሚመረጠው ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ነው። ስለዚህ አንቺ ድምፅ የምትሰጪው ለዚህ ምክር ቤትና ለክልሉ ምክር ቤት አባላት ሲሆን፣ የአገሪቱ መሪ ማን እንደሚሆን የሚወሰነውም በዚያው ድምፅ በኩል ነው። ከትምህርትና ከልምድ የቱ ይቅደም ላልሽው፣ የእኔ ምርጫ ልምድ ነው። ልምድ ስል ግን የኖረበትን የሹመት ዘመን ማለቴ አይደለም፤ ሰውዬው በትምህርት ቤት ወላጅ ኮሚቴም ሆነ በገበሬ ማኅበር የሰው ገንዘብና አደራ ተረክቦ እንዴት እንዳስረከበ ማለቴ ነው። ዲግሪው ረቂቅ ሕግና በጀት አንብቦ ለመረዳት ይጠቅመዋል፤ ከባለሥልጣን ፊት ቆሞ ጥያቄ ለመጠየቅ የሚያስፈልገውን ድፍረት ግን ዲግሪ አይሰጠውም።

ጥያቄ፦ በቅዳሜ ገበያ ነጋዴ ነኝ። ባለፈው ጊዜ በባጃጅ ላይ ሞንታርቦ ጭነው የዞሩ ቅስቀሳ አድራጊዎች እጩአቸው ቢመረጥ እምቦጭን ከጣና በአንድ ዓመት እንደሚያጠፋ፣ የሰፈራችንንም መንገድ አስፋልት እንደሚያለብስ ሲናገሩ ሰማሁ። እንዲህ ያለውን ቃል እንዴት ልመዝነው?

መልስ፦ ሁለቱ ተስፋዎች አንድ ዓይነት ስላልሆኑ ለየብቻ ይመዝኗቸው። የሰፈርዎ መንገድ ጉዳይ በዋናነት የከተማ አስተዳደሩ ነው። ለፌዴራሉ ምክር ቤት የሚወዳደር እጩ የውስጥ ለውስጥ አስፋልት ቃል ሲገባ፣ በሌላ ቤት በጀት ላይ እያዘዘ እንደሆነ ልብ ይበሉ። ይህ ማለት እጩው ውሸታም ነው ማለት አይደለም፤ የሚወዳደርበትን ወንበር ሥራ ግን አላጠናም፣ ወይም እኛ አላጠናንም ብሎ ያምናል። ሁለቱም ቢሆኑ ደግ ምልክት አይደሉም።

የእምቦጩ ጉዳይ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። አረሙ በሐይቁ ላይ ጎልቶ መታየት የጀመረው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ሲሆን፣ ክፉኛ የተጠቃው በደንቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል ያለው የሰሜንና የምሥራቅ ዳርቻ ነው። ገበሬው ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል፣ ማሽኖችም ሲገዙና ሲሰማሩ አይተናል፤ አረሙ ግን ዘሩ በጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይ ተነቅሎ ያለቀ ከመሰለ በኋላ እንደገና ይበቅላል። ከዚህም በላይ መገጭ፣ ርብና ጉማራ ከላይኛው አገር ታጥቦ የመጣ አፈርና የማዳበሪያ ቅሪት ይዘው ወደ ሐይቁ ስለሚገቡ፣ አረሙ የሚመገበው ነገር በየክረምቱ ይታደሳል። ስለዚህ መፍትሔው ከነቀላው ጋር የተፋሰሱን አፈር የመጠበቅ ሥራን፣ የበርካታ ወረዳዎችን ትብብርና ለብዙ ዓመታት የማይቋረጥ በጀትን ይጠይቃል። በአንድ ዓመት አጠፋለሁ የሚል ሰው ከዚህ አንዱንም አላሰበበትም ብለው ቢደመድሙ አይሳሳቱም።

እጩውን በአካል የማግኘት ዕድል ሲኖርዎ ሦስት ነገሮችን ይጠይቁት። የነቀላው በጀት በየትኛው ምክር ቤት እንደሚጸድቅ ያውቃል? ከፎገራና ከደንቢያ ከሚመረጡ ተወካዮች ጋር በምን መንገድ ሊሠራ አስቧል? የተነቀለው አረም የት ይከማቻል? የመጨረሻው ትንሽ ጥያቄ ቢመስልም፣ ዳር ላይ ተከምሮ የተተወ እምቦጭ ውኃው ሲሞላ ተመልሶ ሐይቁ ውስጥ ስለሚገባ፣ ጉዳዩን ቀርቦ ያየውን ሰው በወሬ ከሚያውቀው ይለይልዎታል። «አላውቅም፣ አጣርቼ እመለሳለሁ» ብሎ በእርግጥ የተመለሰ እጩ ቢያጋጥምዎ፣ አፉን ሞልቶ ከሚምል ሌላ እጩ እኔ እርሱን አስቀድማለሁ።

ጥያቄ፦ የሚመረጠው ሰውዬው ነው ወይስ ፓርቲው? በወረዳችን የማከብረው ሰው በግሉ ለመወዳደር ያስባል፤ አንድ ሰው ብቻውን ምን ይሠራል ይሉኛል።

መልስ፦ የሚሉዎት ሰዎች ያለ ምክንያት አልተናገሩም። መንግሥት የሚመሠርተው ብዙ ወንበር ያገኘው ፓርቲ ስለሆነ፣ የፓርቲውን ፕሮግራም ሳያነቡ የእጩውን ጠባይ ብቻ አይቶ መምረጥ የሥራውን ግማሽ ሳይሠሩ እንደመቅረት ነው። የቅርቡን ታሪክ ብናይ፣ በ2007ቱ ምርጫ ገዢው ግንባርና አጋሮቹ 547ቱንም የምክር ቤት ወንበሮች ያዙ፤ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ ደግሞ ውጤታቸው መጀመሪያ ከተገለጸው 436 ወንበሮች ብልጽግና ፓርቲ 410ሩን አሸነፈ። በእንዲህ ያለ ምክር ቤት ውስጥ ብቻውን የቆመ ሰው ሕግ ማስለወጥ አይችልም።

ይሁን እንጂ ለዚህ ጉዳይ ሌላ ገጽታም አለው፤ እኔን የሚያሳስበኝም እርሱ ነው። ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን አለው፤ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁም ለአስፈጻሚው አካል በተሰጠ ማንኛውም ሥልጣን ላይ ይወያያል። ይህ ሥልጣን የሚሠራው የሚጠይቅ ሰው ሲኖር ነው። የአንድ ተወካይ ጥያቄ በአዳራሹ ውስጥ ድምፅ ባያሸንፍም በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል፣ በቴሌቪዥን ይታያል፣ ባለሥልጣኑም መልስ ይዞ እንዲመጣ ያስገድደዋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 ተወካዩ የመላው ሕዝብ ተወካይ እንደሆነና ተገዢነቱም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው እንደሆነ ይደነግጋል፤ ፓርቲውን በዚህ ዝርዝር ውስጥ አይጠራም። ስለሆነም የሚያከብሩት ሰው የሚጠይቅ ሰው ከሆነ ድምፅዎ ባክኖ አይቀርም። ከሕዝብ ፊት ዝም የሚል ጨዋ ከሆነ ግን፣ ጨዋነቱን እያከበሩ ድምፅዎን ለሌላ ቢሰጡ ቅር ሊያሰኝዎ አይገባም።

ጥያቄ፦ አጎታችን የቤተሰቡ ታላቅ ናቸው፤ ሁላችሁም እኔ ያልኩትን ምረጡ ይላሉ። እምቢ ማለት ነውር ሆኖብኛል።

መልስ፦ ምክራቸውን በአክብሮት ያዳምጡ፤ ልምድ ያለው ሰው ቃል ዋጋ አለው። ከመጋረጃው በስተጀርባ ሲገቡ ግን ከእርስዎ ጋር የሚገባ ማንም የለም፤ ምልክቱን የት እንዳደረጉ የመጠየቅ መብት ያለው ሰውም የለም። ከሳጥኑ ሲመለሱ «መርጫለሁ፣ አመሰግናለሁ» ማለት ለታላቅ የሚገባውን ክብር አይቀንስም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ቨርጂኒያ ይኖራል፣ ዜግነትም አግኝቷል። ስለ አሜሪካው ፕሬዚዳንት ምርጫ ስንነጋገር፣ የእኔ ድምፅ ለውጥ አያመጣም ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ በከፊል እውነት ነው። በዚያ አገር ፕሬዚዳንቱ የሚወሰነው በመላ አገሪቱ በተቆጠረው ጠቅላላ ድምፅ ሳይሆን፣ ለግዛቶች በተከፋፈሉ 538 የመራጭ ወኪሎች ድምፅ ሲሆን፣ ለማሸነፍ 270 ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሂላሪ ክሊንተን ከዶናልድ ትራምፕ 2.9 ሚሊዮን ገደማ የሚበልጥ የሕዝብ ድምፅ አግኝተው የተሸነፉት በዚህ ምክንያት ነው። ቨርጂኒያም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በፕሬዚዳንት ምርጫ ያለማቋረጥ ለዴሞክራቶች ስለሰጠች ወንድምዎ ተስፋ ቢቆርጥ አይገርምም። ነገር ግን ከዋናው ምርጫ በፊት ፓርቲዎች እጩአቸውን የሚለዩበት ቅድመ ምርጫ አለ፤ በዚያ የሚሳተፈው ሰው ቁጥር አነስተኛ ስለሆነ የአንድ ሰው ድምፅ ክብደት ይጨምራል። ጎረቤቷ ሜሪላንድ በዋና ዋናዎቹ ፓርቲዎች ቅድመ ምርጫ የምታሳትፈው አስቀድሞ በፓርቲው አባልነት የተመዘገበውን ሲሆን፣ በቨርጂኒያ ግን መራጭ በፓርቲ አይመዘገብም፤ የተመዘገበ መራጭ ሁሉ ከሁለቱ ፓርቲዎች በአንዱ ቅድመ ምርጫ መሳተፍ ይችላል። ማንን እንደሚመርጥ ግን ከዚህ ሆነው አይዘዙት። ግብር የሚከፍለውም፣ ልጆቹን የሚያስተምረውም እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ የመረጥነው ሰው ቃሉን ቢያጥፍ አምስት ዓመት መጠበቅ ግዴታችን ነው?

መልስ፦ በሕጉ ግዴታ አይደለም። አንቀጽ 12 ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ሲያጣ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ይደነግጋል፤ አንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 7ም ይህንኑ ለምክር ቤቱ አባላት ያጸናል። ይሁንና ከዚያ ከመድረሱ በፊት ሰውየውን ማግኘት ይቀድማል። የፌዴራሉ ምክር ቤት ዓመታዊ የሥራ ጊዜ ሰኔ 30 አብቅቶ የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ስለሆነ፣ ተወካዩን በመረጠው ሕዝብ መካከል ለማግኘት የሚመቸው ክረምቱ ነው። ቀጠሮ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በምርጫው ወቅት የተናገረውን ቀኑንና ቦታውን ጠቅሰው ያስታውሱት፤ የጻፉትንም ደብዳቤ ቅጂ ያስቀሩ።