«37 ቫይረስ ተገኝቷል» ላለው ፕሮግራም ልክፈል?

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ላይ መረጃ እየፈለግሁ ሳለ ኮምፒውተሬ 37 ቫይረስ እንዳለበት የሚናገር መስኮት ድንገት መጣ። «አጽዳ» የሚለውን ስነካ አንድ ፕሮግራም ተጫነ። አሁን ኮምፒውተሩን በከፈትኩ ቁጥር እሱ ይቀድማል። የራሴን አንቲቫይረስ አላስከፍት አለኝ። ዴስክቶፕ ላይ የነበሩት ፋይሎቼም ጠፉ። እሱ ግን «ከከፈልክ አስተካክላለሁ» ይላል። ልክፈል ወይስ ፎርማት ላስደርግ?

መልስ፦ ለጊዜው ሁለቱንም አያድርጉ። በተለይ ለፎርማት አይቸኩሉ፤ ፋይሎችዎ እዚያው የመሆናቸው ዕድል ሰፊ ነው።

የገጠመዎት ሐሰተኛ አንቲቫይረስ ነው። መጀመሪያ ያዩት ስካን ስካን አልነበረም። ተራ ድረ ገጽ ሃርድ ዲስክዎ ውስጥ ገብቶ ፋይል መፈተሽ አይችልም፤ ብሮውዘሩ አይፈቅድለትም። እየሞላ የሚሄደው መስመር፣ በፍጥነት የሚያልፉት የፋይል ስሞች፣ ቀዩ የማስጠንቀቂያ ምልክት፣ ሁሉም ገጹ ላይ የተሠራ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ነው። በማክ ለሚጠቀም ሰው እንኳ «ሲ ድራይቭን እየፈተሽኩ ነው» ሲል የተገኘበት ጊዜ አለ፤ ማክ ላይ ደግሞ ሲ ድራይቭ የሚባል ነገር የለም። መዝጊያ የሚመስለው የኤክስ ምልክትም የሥዕሉ አካል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ልዝጋው ብሎ የነካ ሰውም ፕሮግራሙን ዳውንሎድ ያደርጋል።

«መጥፎ ድረ ገጽ ከፍተህ ነው» የሚልዎት ካለ አይስሙት። በ2009 እ.ኤ.አ. አጭበርባሪዎች ቮኔጅ የተባለውን የስልክ ኩባንያ መስለው ከኒውዮርክ ታይምስ ድረ ገጽ የማስታወቂያ ቦታ ገዙ። መጀመሪያ ደህናውን ማስታወቂያ አሳዩ፤ ቆይተው በሐሰተኛ የቫይረስ ማስጠንቀቂያ ቀየሩት። ሥራው ትልቅ ገንዘብ ያለበት ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2008 እ.ኤ.አ. የከሰሰው አንድ ቡድን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎችን አታሎ እንዲህ ያለ ፕሮግራም አስገዝቷል።

አንቲቫይረስዎ አልከፈት ያለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሐሰተኛው ከበስተጀርባ ሆኖ የሚከፈተውን ፕሮግራም ሁሉ ይጠብቃል፤ እውነተኛውን ገና ሲነሳ ይዘጋውና «ይህ ፋይል ተበክሏል» ይላል። ጥርጣሬዎን ከራሱ ላይ አንስቶ ባለውለታዎ ላይ ያሳርፋል። እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው።

አሁን ወደ ሥራው። በመጀመሪያ ኢንተርኔቱን ያቋርጡ። ቀጥሎ ፋይል ኤክስፕሎረርን ከፍተው «ቪው» ውስጥ «ሂደን አይተምስ» የሚለውን ያብሩ። ደብዘዝ ያሉ ፋይሎች ብቅ ካሉ እፎይ ይበሉ። ፕሮግራሙ አላጠፋቸውም፤ «የተደበቀ» የሚል ምልክት ብቻ አድርጎባቸዋል። ጉዳት የደረሰ አስመስሎ ሊያስከፍልዎት ነው። ምልክቱን ከጽዳቱ በኋላ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ ገብተው ያነሱታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ፋይል የሚደብቁት አንዳንዶቹ የስታርት ሜኑ አቋራጮችን (ፕሮግራም የሚከፍቱትን ምልክቶች) ጊዜያዊ ፋይሎች ወደሚቀመጡበት ቴምፕ ፎልደር ያዛውራሉ። ሰው ደግሞ ሲደናገጥ መጀመሪያ የሚያደርገው ቴምፕን ማጽዳት ነው። እንደዚያ ካደረጉ አቋራጮቹ በእውነት ይጠፋሉ። ሁሉም ወደ ቦታው እስኪመለስ ቴምፕን አይንኩ፤ «ክሊነር» የሚባል ፕሮግራምም አያስነሱ።

ለማጽዳት እኔ የምመርጠው የዊንዶውስ 10ና 11ን «ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን» ነው። «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» ውስጥ የስካን አማራጮች ሥር ያገኙታል። ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጎ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ሳይነሳ ስለሚፈትሽ፣ ሐሰተኛው ተነስቶ ሊያግደው አይችልም። 15 ደቂቃ ያህል ይወስዳል።

ያንንም አላስከፍት ካለ ሺፍትን ተጭነው «ሪስታርት» ይበሉና በሚመጣው ሜኑ በኩል ሴፍ ሞድ ይግቡ፤ ዊንዶውስ በጣም አስፈላጊ በሆኑት ነገሮች ብቻ የሚነሳበት መንገድ ነው። ከዊንዶውስ ጋር አብረው የሚነሱ አብዛኞቹ ፕሮግራሞች እዚያ አይነሱም። ታስክ ማናጀር (እየሠሩ ያሉ ፕሮግራሞችን የሚያሳየው መስኮት) ውስጥ «ስታርትአፕ» የሚለውን ይዩ። እርስዎ ያልጫኑት፣ ትርጉም የሌለው የፊደልና የቁጥር ድብልቅ ስም ያለው፣ አድራሻው «አፕዳታ» በሚባለው የፕሮግራሞች መረጃ ማስቀመጫ ፎልደር ውስጥ የሆነ ነገር ካለ ዋናው ተጠርጣሪ እሱ ነው። «ዲሴብል» ያድርጉት፣ በተለመደው መንገድ ያስነሱና ኦፍላይን ስካኑን ያሂዱ። ይሄም እምቢ ካለ በሌላ ንጹህ ኮምፒውተር ላይ የማስነሻ ፍላሽ አዘጋጅቶ ማጽዳት ይቻላል፤ ይህን ለባለሙያ ቢተዉት ይሻላል።

ከጸዳ በኋላ ኢንተርኔት አልሠራ ካለ አይደንግጡ። «ፕሮክሲ» የሚለውን፣ ኢንተርኔትዎን በሌላ ኮምፒውተር በኩል የሚያሳልፈውን ሴቲንግ ቀይሮት ሄዶ ይሆናል፤ እርስዎ ያላበሩት ከሆነ ያጥፉት። ፓስወርዶችዎንም ከሌላ ንጹህ መሣሪያ ላይ ይቀይሩ። በዚህ መሀል የካርድ ቁጥር አስገብተው ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ትተው መጀመሪያ ባንክዎ ጋ ይደውሉና ካርዱን ያዘጉ። የሄደው የከፈሉት ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የካርዱ ቁጥርም እነሱ እጅ ነው።

መስኮቱ ሌላ ጊዜ ከመጣ ላዩ ላይ ምንም አይንኩ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው በታስክ ማናጀር ብሮውዘሩን ይዝጉት። ሲከፍቱት «የነበሩትን ገጾች ልመልስ?» ቢልዎት እምቢ ይበሉ።