ለባዮሎጂ ተማሪዎች፦ ከኋላ ወንበር የመጣ ጥያቄ

ልጆቼ፣

ሜክሲኮ ውስጥ፣ ሴራ ዴ ኤል አብራ በሚባል አካባቢ፣ ዋሻ ውስጥ የሚኖር ዓይን የሌለው ዓሣ አለ። ለዓመታት ሳስተምር «ጨለማ ስለሆነ፣ ስላልተጠቀመበት ጠፋ» ብዬ አልፍ ነበር። ተማሪውም ይህንኑ ይጽፋል፣ እኔም ራይት አደርጋለሁ።

አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ታዲያ ዕንቁላሉ ብርሃን ላይ ቢፈለፈል ዓይን ያወጣል?» መልስ አልነበረኝም። የዚያን ዕለት ማታ ማንበብ ጀመርኩ።

አያወጣም። ብርሃን ላይ ቢያድግም ዕውር ነው። ወንዝ ውስጥ የሚኖረው ወገኑ ደግሞ፣ ዝርያቸው አንድ ሆኖ ሳለ፣ ጨለማ ውስጥ ቢፈለፈልም ዓይን ያወጣል።

ከሁሉ የገረመኝ የፅንሱ ነገር ነው። የዋሻው ዓሣ ፅንስም ዓይን መሥራት ይጀምራል። ሌንስ ሳይቀር ይሠራል። አንድ ቀን ገደማ ሲሆነው ግን የሌንሱ ሴሎች መሞት ይጀምራሉ። ዓይኑ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ ቆይቶ ቆዳ ይሸፍነዋል። ያማሞቶና ጄፈሪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ሥራ ከወንዙ ዓሣ ፅንስ ሌንስ ወስደው በዋሻው ዓሣ ፅንስ አንድ ዓይን ውስጥ አስገቡ። በዚያ በኩል ዓይን አደገ። በሌላው በኩል ምንም የለም። እስቲ አስቡት፣ አንድ ዓሣ ላይ!

ታዲያ ጨለማው ምን ሠራ? ሥራው በአንድ ዓሣ ዕድሜ የሚታይ አይደለም፣ በብዙ ትውልድ ነው። ማየት ጉልበት ይበላል። አንድ ግራም በምትመዝን ዓሣ ላይ ሲሰላ፣ አርፋ ሳለች ከምታወጣው ጉልበት 15 በመቶ ያህሉ ለማየት ይሄዳል። ዋሻ ውስጥ ደግሞ ምግብ እንደ ልብ አይገኝም። ይህ አንዱ ምክንያት ነው፤ ሌሎችም አሉ። ከተለያዩ ዋሻዎች የመጡ ዕውራን ዓሦች ሲዳቀሉ ከልጆቻቸው አንዳንዶቹ ያያሉ። የተበላሸው ዘረመል በየዋሻው ይለያያልና።

ስለዚህ ቀላል መልስ ስትሰሙ «ብናገላብጠውስ?» በሉ። ያቺ ልጅ ያደረገችው ይህንኑ ነው።

ሐዋሳ ወይም ዝዋይ ያላችሁ ደግሞ ከአጥማጆቹ ጋር ተግባቡ። ቆሮሶ ዕንቁላሏን የምትታቀፈው አፏ ውስጥ ነው። ያን የመሰለ ጨለማ ውስጥ ያደገውን ፅንስ በማጉያ መነጽር እዩት። ሁለት ጥቁር ነጥቦች ታገኛላችሁ። ዓይኖቹ ናቸው።