ከዘመድ መኪና ውረዱ

ዋሽንግተን የገባችሁ ሰሞን ዘመድ አይተዋችሁም። በመኪናው እያዞረ «ይኸውላችሁ ካፒቶል፣ ያ ደግሞ ዋይት ሀውስ» ይላችኋል። ደግነቱን አመስግኑ፤ ግን በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ከመኪናው ውረዱና ብቻችሁን ሂዱ። እኔ ይህን ሳላደርግ ስምንት ወር ኖሬአለሁ። ከተማዋን በመስኮት ነበር የማውቃት፤ መሀል መንገድ ላይ አውርዶ «በል ወደ ቤትህ ሂድ» የሚለኝ ቢኖር ቆሜ እቀር ነበር።

ብቻዬን የወጣሁት ለሥራ ቃለ መጠይቅ ነው። አድራሻውን በወረቀት ይዣለሁ፣ 7ኛው መንገድ ላይ ደርሻለሁ፣ የቤቱ ቁጥርም ልክ ነው። የጠበቀኝ ግን ቢሮ ሳይሆን የመኖሪያ ቤት ሆነ። አበባ ያጠጡ የነበሩ አሮጊት ወረቀቴን ተቀብለው አዩና ሳቁ። «ይህ ሰሜን ምሥራቅ ነው ልጄ፤ አንተ የምትፈልገው ሰሜን ምዕራብ ነው» አሉኝ። ቃለ መጠይቁ አመለጠኝ፤ የከተማዋ አሠራር ግን ያን ቀን ገባኝ። ዋሽንግተን የምክር ቤቱን ሕንፃ ካፒቶልን መሀል አድርጋ በአራት ትከፈላለች፤ አንድ ዓይነት ቁጥርና የመንገድ ስም በአራቱም ሊኖር ይችላል። አድራሻ ሲሰጣችሁ መጨረሻው ላይ ያሉትን ሁለት ፊደላት (NW ሰሜን ምዕራብ፣ NE ሰሜን ምሥራቅ፣ SW ደቡብ ምዕራብ፣ SE ደቡብ ምሥራቅ) በመጀመሪያ አንብቡ። ስልካችሁም ያለ እነሱ ይሳሳታል።

የቀረው ቀላል ነው። ባለ ቁጥር መንገዶች ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ባለ ፊደል መንገዶች ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘረጋሉ። ከካፒቶል በራቃችሁ መጠን ቁጥሩ ያድጋል፤ ስለዚህ 9ኛው ላይ ቆሞ 14ኛውን የሚፈልግ ሰው ለካፒቶል ጀርባውን ይሰጣል። «ጄ» የሚባል መንገድ አትፈልጉ፣ የለም። ሰውን መንገድ የሚያስቱት የግዛቶችን ስም የያዙት ሰፋፊ ጎዳናዎች ናቸው። ላንፋንት የተባለው ፈረንሳይ የተወለደ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1791 ከተማዋን ሲነድፍ በሰያፍ እንዲያቋርጡ አደረጋቸው። ዱፖንት ሰርክል ላይ አደባባዩን ዞሬ ዞሬ፣ ሁለት ጊዜ በመጣሁበት መንገድ ተመልሼ ወጥቻለሁ።

ሜትሮ በሚባለው የከተማዋ ባቡር የመክፈያ ካርዳችሁን ቦርሳ ሥር አትቅበሩት፤ ስትወጡም ይጠየቃል። በተንቀሳቃሹ ደረጃ ላይ በቀኝ በኩል ቁሙ። እኔ መሀሉን ይዤ ቆሜ ከኋላዬ «ይቅርታ» ሲሉኝ፣ ቃሉ ይቅርታ መጠየቂያ አለመሆኑን ከድምፁ ተረዳሁ።

ስለ ብቸኝነቱ ልንገራችሁ። ያን ቀን እኩለ ቀን ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሺህ ሰው አለፈ፣ ሰላም ያለኝ የለም። ሆዴን ባር ባር አለው። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ሥራ ማግኘት አለማግኘቴን የሚጠይቀኝ ባለመኖሩ ትከሻዬ ቀለለኝ። ከስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች አንዱ ውስጥ ገባሁ፤ መግቢያው ነጻ ስለሆነ ባዶ ኪስ ሰበብ አይሆንም።

ግራ ስትጋቡ የዋሽንግተንን ሐውልት ፈልጉ። 169 ሜትር ቁመት አለው፤ የሕንፃዎች ከፍታ በሕግ የተገደበ ስለሆነ ከብዙ ቦታ ይታያል። ሥሩ ቆሜ ሳንጋጥጥ ከመሬት 46 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የድንጋዩ ቀለም ሲለወጥ አየሁ። ገንዘብ አልቆ ግንባታው ከሃያ ዓመት በላይ ቆሞ ነበር፤ ሲቀጥል ድንጋዩ ከሌላ ቦታ መጣ። ስምንት ወር በአጠገቡ ሳልፍ ይህን አላየሁም።

ማታ ለአጎቴ ነገርኩት። አሥራ አምስት ዓመት በዚያች ከተማ ታክሲ ነድቷል፤ «አንድ ቀለም ነው» ብሎ ድርቅ አለ። ቅዳሜ ሄድን። መኪና ማቆሚያ አጥተን ሐውልቱን ሦስት ጊዜ ዞርነው፤ እሱ መሪውን እንደያዘ፣ እኔ በመስኮቱ በጣቴ እያሳየሁት።